ታርጋው ስሙን እንዲመስል 2,800 ፓውንድ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሰሜን ለንደን ነው። ባለቤቴ የኡበር ሹፌር ነው፤ መኪናችን የ2017 ፕሪየስ ናት። ባለፈው ኦገስት ቨርጂኒያ ያለውን ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ፣ አበሻው ሁሉ ታርጋው ላይ ስሙን አስጽፎ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ታርጋ ሆነ። አሁን አንድ ሻጭ ‹ስምህን የሚመስል ታርጋ አለኝ፣ 2,800 ፓውንድ ነው› ብሎታል። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ‹ቫትና የማዛወሪያ ክፍያ ሳይጨምር› ይላል። በየወሩ እየከፈሉ መውሰድም ይቻላል አሉት። ሌላ ፈላጊ ስላለ እስከ ቅዳሜ ወስን ብለውታል። ጓደኛው ደግሞ ‹ታርጋ እንደ መሬት ነው፣ ዋጋው አይወርድም፣ ዱባይ ውስጥ በሚሊዮን ይሸጣል› እያለ ያሟሙቀዋል። እኔ ለሚቀጥለው መኪና እየቆጠብን ስለሆነ ለቁራጭ ፕላስቲክ ይህን ያህል ማውጣት እብደት ነው አልኩ። እሱ ‹ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ኖሬ ለራሴ አንድ ነገር ብገዛ ምን አለበት?› ይላል። ከተኮራረፍን ሰነበትን። እብደት ነው አይደል? እባክዎ ይፍረዱን።»

እህቴ፣ ፍረዱ ካልሽ እፈርዳለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ ላንቺ አልፈርድም።

ይሄ ታርጋ፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህች መኪና ላይ አይገዛም። እስከዚህ ድረስ ካንቺ ጋር ነኝ። ስም ያለበት ታርጋ መፈለግ ግን እብደት አይደለም። እንግሊዝ አገር ከ250 ፓውንድ የሚጀምር ነገር ነው። ይህን ለባለቤትሽ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሻጩማ ለምን ብሎ ይነግረዋል? ጠባችሁ የመጣውም ከዚሁ ነው። አንቺ ስለ ዋጋው ታወሪያለሽ፣ እሱ ስለ ታርጋው ያወራል፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቨርጂኒያው እንጀምር፤ ነገሩ የተነሣው ከዚያ ስለሆነ። ባለቤትሽ ያየው እውነት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በምርጫ የሚወጣ ታርጋ በዓመት 10 ዶላር ብቻ ነው የሚያስጨምረው። ሌላ ሰው እስካልያዘውና ነውር እስካልሆነ ድረስ የፈለጉትን ፊደል ደርድሮ መጠየቅ ነው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ብትሄጂ የራሱን ስም፣ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ሰፈር ስም ለጥፎ የሚነዳ ሞልቷል። ለ10 ዶላር ማን ይጨነቃል? ግን እሱ ኪራይ ነው። መክፈል ያቆመ ሰው ታርጋውን ይመልሳል። የሚሸጥ የሚለወጥ ነገርም አይደለም፤ ደላላ መሃል የማይገባበት ለዚህ ነው።

ብሪታንያ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ «ይሄን ጻፉልኝ» አይባልም። ቁጥሮቹ የሚወጡት በመንግሥት ቀመር ነው፣ አንቺ ከወጣው ውስጥ ነው የምትመርጪው። ከሴፕቴምበር 2001 ወዲህ ያለው ቀመር ሁለት ፊደል፣ ሁለት አሃዝ፣ ከዚያ ሦስት ፊደል ነው። አሃዞቹ መኪናው የተመዘገበበትን ጊዜ ይናገራሉ። ማርች ላይ የሚወጣው የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ይይዛል፤ ሴፕቴምበር ላይ የሚወጣው 50 ይደመርበታል። የናንተዋ ፕሪየስ 17 ወይም 67 የምትል መሆን አለባት፤ ከማርች 2017 በፊት የተመዘገበች ከሆነ ደግሞ 66። ከዚያ በፊት፣ ከ1983 እስከ 2001፣ መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ከአንድ እስከ ሦስት አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ፊደል ነበር።

ታዲያ ስም በዚህ ውስጥ እንዴት ይገባል? አሃዞቹን ፊደል በማስመሰል ነው። 3 እንደ ኢ ትነበባለች፣ 4 እንደ ኤ፣ 5 እንደ ኤስ፣ 1 እንደ አይ፣ 0 እንደ ኦ፣ 8 እንደ ቢ። ለምሳሌ ኤስ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትደረድሪ ላበሻ ዓይን «ሰላም» ይላል። ይሄ ለአሮጌው ቀመር ልክክ ይላል፤ በኤስ የሚጀምሩት ታርጋዎች ከኦገስት 1998 እስከ ፌብሩዋሪ 1999 የወጡ ናቸው። አጫጭር ስም ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ገብረመድኅንና ወልደጊዮርጊስ ግን ይቅርታ ይደረግላቸው፤ ከሰባት ቦታ በላይ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

የመኪና ምዝገባን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ዲቪኤልኤ ከ1989 ጀምሮ እነዚህን ቁጥሮች ራሱ ይሸጣል። ድረ ገጹ ላይ ስሙን አስገብቶ መፈለግ ነው። ዋጋው ከ250 ፓውንድ ይጀምራል። ልብ በይ፣ ይሄ 250 ቫቱንም የማዛወሪያውን 80 ፓውንድም ጨምሮ ነው። የደላላው 2,800 ግን ባዶውን ነው። 20 በመቶ ቫት ስትጨምሪበት 3,360 ይሆናል፤ 80ዋን ስትደርቢ 3,440። በደቃቅ ጽሑፍ የተቀመጠችው ነገር 640 ፓውንድ ናት ማለት ነው። ባለቤትሽ «2,800» እያለ የሚያወራው ዋጋ የለም።

ይሄ ባንተ ብቻ የደረሰ አይደለም በይው፤ ሀብታሙም ላይ ይደርሳል። 2014 ላይ በዲቪኤልኤ ጨረታ «25 ኦ» የሚል ታርጋ ተሸጦ ነበር፤ ሲታይ 250 ስለሚመስል ለፌራሪ 250 ተብሎ የተገዛ ነው። መዶሻው የወረደው 400,000 ፓውንድ ላይ ነው። የጨረታው ኮሚሽን፣ ቫቱና ያቺው 80 ፓውንድ ሲደመሩ ገዢው የከፈለው 518,480 ሆነ። ፌራሪ የሚነግድ ሰው 118,000 ፓውንዱን ላይሰማው ይችላል። 640 ግን በኡበር ሥራ ስንት ሌሊት እንደሆነ አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ደላላ የሚያስተዋውቀው የራሱ የሆነውን ቁጥር ብቻ አይደለም። ዲቪኤልኤ ገና ያልሸጠውን ቁጥር ትርፍ ጨምሮ ይለጥፈዋል፣ ገዢ ሲመጣ ከዚያው ገዝቶ ያቀብላል። ሕገወጥ አይደለም፣ ንግድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንኑ ቁጥር ልክ በልኩ ዲቪኤልኤ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። እዚያ ካለ ጉዳዩ አለቀ። ከሌለም ተስፋ ሳትቆርጡ ስሙን በሌላ አጻጻፍ ሞክሩ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ አንድ አጻጻፍ የለውም፤ ፓስፖርት ላይ ሲያስቸግረን የኖረው ነገር እዚህ ይጠቅማል። አንዱን አናባቢ መጣል፣ ወይም በመጠሪያ ብቻ መሄድም አለ። ቤት ውስጥ የምትጠሪው አጭር ስም የለውም?

የኛ ስም መርከስ አለበት የምልሽ በሌላም ምክንያት ነው። የታርጋ ዋጋ የሚወጣው በፈላጊው ብዛት ነው። የእንግሊዝ የተለመደ ስም ቢሆን ተሻሚው ብዙ ነው። የባለቤትሽን ስም (እዚህ አላወጣውም) የሚሻማው ማነው? ብሪታንያ ውስጥ ያለነው አበሾች ስንት ነን፣ ከኛ ውስጥ ያ ስም ያለው ስንቱ ነው፣ ከነሱ ውስጥ ለታርጋ ሺህ ፓውንድ የሚያወጣው ስንቱ ነው? እስከ ቅዳሜ የሚጠብቀው «ሌላ ፈላጊ» ማን እንደሆነ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ የሚቸኩለው ሻጩ መሆን አለበት። አስቢው፣ እጁ ላይ ያለውን ነገር በሙሉ ዋጋ ሊወስድለት የሚችለው አንድ ሰው ባልሽ ነው።

ይሄው ነገር ጓደኛው ላመጣው «እንደ መሬት ነው» ለሚለው ወሬም መልስ ይሆናል። ዋጋቸው የሚጨምር ታርጋዎች የሉም አልልም። ከ1904 ጀምሮ የኤሴክስ ካውንቲ ምክር ቤት የነበረው «ኤፍ 1» በ2008 በ440,625 ፓውንድ ተሸጧል። አንድ ፊደል፣ አንድ አሃዝ፣ በዚያ ላይ የመኪና ውድድሩ ስም፤ እንዲህ ያለው በዓለም ላይ ስንት አለ? የዱባዩም እንደዚያው ነው። በኤፕሪል 2023 «ፒ 7» የተሸጠው 55 ሚሊዮን ድርሃም ነው፤ ሽያጩ ደግሞ ለምግብ ዕርዳታ ገቢ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀ የበጎ አድራጎት ጨረታ ነበር። እዚያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክብሩ ይጨምራል። ሰዎቹ የሚገዙት ማዕረግ ነው። ሰባት ቦታ ላይ ተበትኖ፣ 5ቷን እንደ ኤስ አድርገሽ ካላነበብሽው በቀር ስም የማይመስል ታርጋ ከዚያ ተራ አይገባም።

ነገ ቸግሯችሁ ልትሸጡት ብትወጡ ደግሞ ያው ደላላ ነው የሚገዛችሁ። እሱ አትርፎ ሊሸጥ ስለሚገዛ የሚሰጣችሁ ከከፈላችሁት በእጅጉ ያነሰ ነው። የከፈላችሁት ቫት የትም አይመለስም። ስለዚህ ይሄን ነገር ለበዓል እንደሚገዛ ሙሉ ልብስ ቁጠሪው። ሲለብሰው ደስ ይለዋል፣ ያምርበታል፣ ገንዘቡ ግን ሄዷል። በዚህ ዓይን ሲታይ 300 ፓውንድ ይገባኛል። 3,440 አይገባኝም። በወር በወር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም፤ ክፍያው እስኪያልቅ ወረቀቱ በማን ስም እንደሚቆይ ጠይቁና መልሱን ስሙ።

ወረቀት ካልኩ፣ በትክክል የሚገዛው ምን እንደሆነ ባልሽም ይወቀው። ቁጥሩ ምንጊዜም የመንግሥት ነው። የሚሸጥልሽ ቁጥሩን መኪናሽ ላይ የማድረግ መብት ነው። መብቱ የሚጻፍበት የምስክር ወረቀት «ቪ 750» ይባላል። 10 ዓመት ያገለግላል፣ ሲያልቅ በነፃ ይታደሳል። መኪና ላይ ሳይለጥፉት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህቺን ያዢልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ፕሪየሷ እንምጣ። እኔን ከዋጋውም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ለቤት መኪና ታርጋ መቀየር ቀላል ነው። በኢንተርኔት ይጠናቀቃል፣ አዲስ ሊብሬ በፖስታ ይመጣል፣ ሁለቱን ፕላስቲክ ለማሠራት መታወቂያና ወረቀት ይዞ የተመዘገበ አሠሪ ጋ መሄድ ነው። ለሥራ መኪና ግን ታርጋ ማለት እንጀራ ማለት ነው። የቲኤፍኤል (የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ የተሰጠው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ለቲኤፍኤል ማሳወቅና ፈቃዱን በአዲሱ ቁጥር ማስተካከል ግድ ነው። ኡበርም ሊብሬውን፣ ኢንሹራንሱንና ፈቃዱን በአዲሱ ቁጥር ካላየ ሥራ አይሰጥም። አንዱ ወረቀት ከሌላው ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ሲመጣ መሃል ላይ የሚቆመው ሹፌሩ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያውም ለማስተካከያ ሊያስከፍል ይችላል። ሳይነገረው ከቀረ ደግሞ ባሰ። የፖሊስ ካሜራ የሚያነበው ታርጋውን ነው፣ በአዲሱ ቁጥር ኢንሹራንስ ካላገኘ ያስቆማል።

የመሃል ከተማው ክፍያም አለ። የኡበር ሹፌሮች ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ኮንጀስሽን ቻርጅ እንደሚከፍሉ ታውቂያለሽ። በራሱ ከባንክ እንዲቆረጥ የሚያደርገው አካውንት የተያዘው በታርጋ ቁጥር ነው። አዲሱ ቁጥር እዚያ ሳይገባ ሥራ የተወጣ ቀን 180 ፓውንድ ቅጣት ይመጣል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 90 ነው። በቀን አንድ አንድ እየተደራረበ ሲመጣ የታርጋውን ዋጋ ቶሎ ያስረሳል። የሰፈሩ የፓርኪንግ ፈቃድም እንዲሁ በቁጥሩ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ፊደሎቹ እንዴት እንደተቀመጡ ደግሞ እስቲ ተመልከቱት። ክፍተቱ በትክክለኛው ቦታ ነው ወይስ ስም እንዲመስል ተገፍቷል? ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ላይ አንዱ አሃዝ ወደ ቀኝ ጠጋ ይላል፣ ወይ ጥቁር ብሎን ተደርጎበት 1 ቁጥር ሌላ ፊደል ይሆናል። መንገድ ላይ እንዲያ ማድረግ አይፈቀድም። የፊደሉ ቁመት 79 ሚሊ ሜትር፣ በፊደልና በፊደል መካከል 11፣ በሁለቱ ክፍል መካከል 33 ሚሊ ሜትር ተብሎ በደንብ የተወሰነ ነው። ያን ያዛባ እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል፣ መኪናው ኤምኦቲ (የየዓመቱን የመኪና ምርመራ) ይወድቃል፣ ቁጥሩም ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። ቁጥሩን በትክክለኛው ክፍተት ወረቀት ላይ ጻፉትና ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ስሙን ካላነበበው ደላላው የሸጠላችሁ ሥዕሉን ነው።

ባለቤትሽ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ሕግም አለ። መኪናን ከዕድሜዋ ወጣት የሚያስመስል ታርጋ አይፈቀድም። ማስረጀት ይቻላል። 51 ወይም 05 የሚል ቁጥር የ2017 ፕሪየስ ላይ ይለጠፋል፤ 18 ወይም 70 የሚል ግን አይለጠፍም። የሰሜን አየርላንድ ቁጥሮች ዕድሜ ስለማይናገሩ ያረጀ መኪና መደበቂያ ሆነው ይሸጣሉ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ግን ለናንተ ዓላማ አይሆኑም፤ ሁሌም ውስጣቸው አይ ወይም ዜድ አለ። ስሙ ዘውዱ ከሆነ ሌላ ነገር።

እነዚህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ናቸው። ሌላኛው ጉዳይ የሰው ዓይን ነው። አሁን ያለውን ታርጋችሁን ማንም አያስታውሰውም። ስም ያለውን ግን አንዴ ያየ አይረሳውም። ካሌዶንያን ሮድ አንዱ ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ ከታየ፣ እንጀራው ሳይቀርብ ላንቺ ይደወላል። ለኔ ይመቸኛል ትይ ይሆናል። ግን ሌሊት የሚሠራ ሰው መንገድ ላይ ከማይታወቅ ሹፌር ጋር ይጋጫል፣ ከሰከረ ሰው ጋር ይነታረካል። እነሱም የማይረሱትን ታርጋ ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ብሆን ሥራ መኪና ላይ አላደርገውም። የቤት መኪና ቢሆን ግድ የለኝም።

እንግዲህ «ለሚቀጥለው መኪና እየቆጠብን ነው» ያልሽው ላይ ልድረስ። መፍትሔው እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ለንደን ውስጥ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የግል ታክሲ ፈቃድ የሚወጣለት መኪና ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ቀጣዩ መኪናችሁ ኤሌክትሪክ፣ ቢያንስ በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ነው ማለት ነው። 3,440 ፓውንድ ለዚያ ቀብድ ላይ ደህና ድርሻ አለው። ባለቤትሽ ከሁሉ በላይ ሊያየው የሚገባው ቁጥር እሱ ነው፤ ሲሠራ የኖረውም ለዚያ ነው።

ታርጋውን ግን አታስቀሪበት። ዲቪኤልኤ ላይ ከ250 እስከ 400 ባለው ውስጥ የሚስማማው ከተገኘ ግዙ። ፕሪየሷ ላይ አትለጥፉት። ቪ 750ውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ 10 ዓመት አለው ብዬሽ የለ። አዲሱ መኪና የተገዛ ዕለት፣ ለቲኤፍኤል ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ታርጋውን አስገቡለት። ያኔ ፈቃዱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ኡበሩም ከመነሻው በአዲሱ ቁጥር ይወጣል። ሁለት ጊዜ መሯሯጥ የለም፣ የቆመ የሥራ ቀን የለም። መኪናው ሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ በግራ በኩል አረንጓዴ መስመር ያለውን ታርጋ ማሠራትም ይችላል፤ ባልሽ ታርጋ አፍቃሪ ስለሆነ ደስ ይለው ይሆናል። ሥራ መኪና ላይ አላደርገውም ያልኩት የኔ ፍርሃት ነው፤ እሱ ይሁን ካለ የሱ ምርጫ ነው።

አንዴ ከለጠፋችሁት በኋላ አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። መኪናው ከመሸጡ በፊት ቁጥሩ መነሣት አለበት። 80 ፓውንድ ያስከፍላል፣ «ቪ 778» የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል፣ መኪናው ብዙውን ጊዜ ወደ ጥንት ቁጥሩ ይመለሳል። ሳይነሣ ከተሸጠ ስሙ ከመኪናው ጋር ሄደ ማለት ነው፤ ገዢውን መለመን አያዋጣም። አደጋ ደርሶ ኢንሹራንሱ መኪናውን ጨርሶ ከጣለውም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት «ቁጥሩን እናስቀራለን» ብላችሁ ንገሯቸው።

ለኩርፊያው ደግሞ፣ «ለራሴ አንድ ነገር ብገዛ» ያለውን ቃሉን ደግመሽ አንብቢው። ደብዳቤሽ ላይ ከዚያ በኋላ ምን እንደመለስሽለት አልጻፍሽም፤ «ፕላስቲክ» ብቻ ነው ያልሽው። ወንድሙ ቤት ሄዶ የሰውን ስም በየመኪናው ላይ አይቶ መጣ። እሱ ለንደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሲያመላልስ የሚውል ነው። ለምን እንደፈለገው ብዙ መጠየቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ደላላው ያደረገው ያንን ፍላጎት አይቶ ዋጋ መለጠፍ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና ዲቪኤልኤውን ክፈቱ። እሱ አጻጻፉን ይንገርሽ፣ አንቺ ፈልጊ። ከ400 በላይ የሆነውን አትክፈቱት። ልደቱ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለብቻሽ ፈልገሽ አንቺው ግዢለት፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ መብቱ በሱ ስም መሆኑን አረጋግጪ። ደላላው ቅዳሜ ሲደውል ስልኩን እሱ ያንሣው።